ባቄላችንን ሸጠን ሽሮ አንግዛ

(በኩታበር ለተሰበሰቡ ገበሬዎችና የልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ ምርጥ ዘር አይደለም፤ በየቀኑ ስለምንበላው ስለ ሽሮ ነው።

በዚህ በኩታበር ደጋ ባቄላና አተር የምናመርት ሰዎች ነን። ነገር ግን አውድማው እንደ ተነሣ ብዙዎቻችን ባቄላውን ጭነን ወደ ገበያ እንወስዳለን። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚያወጣ ዋጋው ይወድቃል። ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ ደግሞ ጎተራው ባዶ ስለሚሆን፣ ተፈጭቶ የመጣውን ሽሮ በኪሎ እየገዛን ወጥ እንሠራለን። የጫኙን፣ የነጋዴውን፣ የወፍጮውንና የባለ ሱቁን ድካም ሁሉ የምንከፍለው እኛው ነን ማለት ነው።

እኔም ከዚህ ቀደም «ምርታችሁን ወዲያው ሸጣችሁ ዕዳችሁን ክፈሉ» ብዬ መክሬ ነበር። በኋላ አንዲት እናት «ልጄ፣ ዕዳውንስ ከፈልነው፤ ክረምቱን ግን በብድር ሽሮ አሳለፍነው» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

እስቲ ሒሳብ እናድርግ። አንድ ቤተ ሰብ በሳምንት 1 ኪሎ ሽሮ ቢፈጅ በዓመት 52 ኪሎ ይሆናል። ባቄላ ሲከካ የሚወጣው ገለፈት ብቻ ከክብደቱ ከአሥር አንድ እጅ ይበልጣል፤ ለቃሚውና ብናኙም አለ። ስለዚህ ለጥንቃቄ 70 ኪሎ እንያዝ፤ አንድ ኩንታል እንኳ አይሞላም። ይህን ከአውድማው ላይ፣ ገበያ ሳትሄዱ በፊት ለዩት። ግብሩና የማዳበሪያው ዕዳ ከቀረው ይከፈል። «ከሽያጭ የተረፈውን አስቀምጣለሁ» የሚል ሰው ምንም ሲያስቀምጥ አላየሁም። የታኅሣሥን የባቄላ ዋጋና የነሐሴን የሽሮ ዋጋ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ የወፍጮውን፣ የቅመሙንና የማገዶውን ወጪ ደምራችሁ ልዩነቱን አስሉት።

የሚቀመጠው ባቄላ በደንብ መድረቅ አለበት። በጥርስ ሲነከስ የሚለመጥ ከሆነ ገና ነው። ሁለት የላስቲክ ከረጢት በውስጡ ያለው ጆንያ አፉ ጠብቆ ከታሰረ አየር ስለማያስገባ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል፤ መድኃኒትም አያስፈልገውም። የነቀዝ ክኒን ሰው በሚተኛበት ቤት ፈጽሞ አታስገቡ፤ ከክኒኑ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል።

አሠራሩን እናቶች ከእኔ የተሻለ ያውቁታል፤ ባቄላው ተለቅሞ ጥቂት ይቀቀላል፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ ይታመሳል፣ ይከካል፣ ገለፈቱም ይነፈሳል። ገለፈቱን ለበጎቻችሁ ስጡ። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፤ ክኩን እንጂ ዱቄቱን አታከማቹ። ዱቄት እርጥበት ይስባል፣ የቅመሙም ሽታ ይጠፋል። ክኩ በደረቅ ዕቃ ተቀምጦ ለአንድ ወር የሚበቃው ብቻ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከበሶብላውና ከኮረሪማው ጋር ቢፈጭ ይሻላል። በርበሬም ስትገዙ ዛላውን እያያችሁ ግዙ። የሻገተውን አውጥታችሁ ጣሉት፤ የሻጋታ መርዝ ተቀቅሎ አይጠፋም።

ይህ ሥራ ግን አድካሚ ነው። ትርፉ የቤቱ ሁሉ ከሆነ ድካሙ ለአንዲት እናት ብቻ መተው የለበትም። ማገዶ መፍለጥና ወደ ወፍጮ መሸከም ለወንድ ነውር አይደለም። (ከወዲያ በኩል የሚያጉረመርሙ አባቶች ይሰሙኛል።) የልማት ሠራተኞችም ስለ ጎተራ ስትመክሩ አባወራውን ብቻ አታነጋግሩ፤ ስንት ሽሮ እንደሚፈጅ የምታውቀው ሚስቱ ናት።

አሁን ከገንዘብ የሚበልጠውን ነገር ልንገራችሁ። ጓያ ርካሽ ስለ ሆነ ሽሮ ውስጥ ይገባል። ሙሉ ፍሬውን ማዕዘን ስላለው እንለየዋለን፤ ዱቄት ከሆነ በኋላ ግን ዓይን አይለየውም። ጎረቤታችን ደላንታ በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ከድርቅ በኋላ ምን እንደ ደረሰበት ከእናንተ የሚያስታውስ ይኖራል። ሌላው እህል ሲጠፋ ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሆነ፤ ብዙ ሰዎች እግራቸው ሽባ ሆኖ ቀረ፤ ይልቁንም ጉልበት ያላቸው ወጣት ወንዶች። ይህ ሽባነት አንዴ ከያዘ የሚያድነው መድኃኒት የለም።

በኋላ ጥናት ሲደረግ ቆሎው፣ ንፍሮውና ጥሬ እሸቱ የበለጠ አደገኛ እንደ ሆኑ ታወቀ። ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ የተበላው አደጋው ያንሳል። በብዙ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ጓያ በልታችሁ የማታውቁ አስመስዬ አልናገርም፤ በክፉ ጊዜ ሁሉም ይበላዋል። የምለው፣ ምን ያህል እየበላችሁ እንደ ሆነ እወቁ ነው። በራሳችሁ ምጣድ ታምሶ በራሳችሁ ሙቀጫ የተከካ ባቄላ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ። መግዛት ግድ ከሆነም ክኩን ወይም ፍሬውን ገዝታችሁ ለቅማችሁ አስፈጩት።

እዚያ ጥግ ምጣዱ ግሏል፤ ባቄላውም ከትናንት ጀምሮ ደርቋል። ማመሱን እናቶች ያሳዩናል፤ መከካቱን ግን ዛሬ ለሚያጉረመርሙት አባቶች ትተንላቸዋል።