«ራሷን ነው የሆነችው» ለሚሉ

(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር። ፈቃድ ላላገኙ እህቶች እንዲደርስ በጽሑፍ የተዘጋጀ።)

  አስተባባሪያችን ስለ ፊልም ተናገሪ ስትለኝ «ሰው ስለ ኢቃማና ስለ ደመወዝ በሚጨነቅበት ቦታ ስለ ፊልም ምን ይወራል?» ብያት ነበር። እሷ ግን «አንቺ ሁሌም ጥግ ይዘሽ የምታንሾካሹኪው ስለ ፊልም አይደለም እንዴ? በይ ዛሬ ቆመሽ አውሪው» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ላወራ የፈለግሁት ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ስማቸው ስለማይነሳ ተዋንያን ነው። በተለይ እንደኛ ያለውን ሰው ስለሚጫወቱት። ስለ ሠራተኛዋ፣ ስለ ሹፌሩ፣ ስለ እረኛው፣ ትሪ ይዛ ገብታ ስለምትወጣዋ። ስለነሱ ሲነሳ ሰው «እሷማ ራሷን ነው የሆነችው፤ ምን ትወና አለው?» ይላል። ይቺ ንግግር ታንገበግበኛለች። የኛንም ሥራ «ቤት መጥረግ ደግሞ ምን ሙያ አለው?» የሚሉት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። በኛ አገር እኮ ባለሙያ ሴት የምትባለው ወጧ የሚጣፍጥ፣ ቤቷ የተሰናዳ ሴት ናት። በደመወዝ ስንሠራው ጊዜ ነው ሙያነቱ የጠፋባቸው።

«ቅፍርናሆም»ን ላስቀድም። ናዲን ላባኪ የምትባል ሊባኖሳዊት ዳይሬክተር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣችው ፊልም ነው፤ ዘይን የሚባል የቤይሩት ልጅ «ለምን ወለዳችሁኝ?» ብሎ ወላጆቹን ፍርድ ቤት ያቆማል። ካን ላይ የዳኞችን ሽልማት አግኝቷል፣ ለኦስካርም ታጭቷል። ጭብጨባው ሁሉ ለልጁ ሆነ። ይገባዋል፣ እኔም አልቅሼለታለሁ። የተረፈው ጭብጨባ ለሕፃኑ ለዮናስ ሄደ፤ በነገራችን ላይ ዮናስን የሆነችው ሴት ሕፃን ናት። የሕፃኑን እናት የምትጫወተዋን ዮርዳኖስ ሽፈራውን ግን ከኛ ሌላ ስሟን የሚያነሳ እምብዛም አልገጠመኝም።

የምትጫወተው ራሒልን ነው። ራሒል ከአሠሪዋ ቤት የወጣች ኢትዮጵያዊት ናት። ትግስት በሚል ስም በተሠራ ሐሰተኛ ወረቀት መዝናኛ ቦታ ታጸዳለች፤ ልጇን መጸዳጃ ቤት ውስጥ ደብቃ ነው የምትሠራው። ዓረብኛዋ እንደኛው በጆሮ የተለቀመ ነው። አማርኛ ስትናገር ደግሞ ድምጿ ይለወጣል፣ ሰውነቷም አብሮ ይፈታል። ልብ በሉ፣ ይሄን ልዩነት አማርኛ የማይሰማ ተመልካች ሊያየው አይችልም። ለዚህ ነው ፈራጆቹ እኛ መሆን ያለብን የምለው።

ተይዛ ከታሠረች በኋላ አንድ ትዕይንት አለ። ልጇ ውጭ ቀርቷል፣ ጡቷ ሞልቷል። ወተቱን እያለበች መታጠቢያው ላይ ታፈሰዋለች። ንግግር የለም፣ ሙዚቃ ቢኖርም እኔ አልሰማሁትም። ልጇን አገር ቤት ጥላ የመጣች እህት ይሄን ስታይ ምን እንደሚሰማት እኔ አልነግራችሁም።

ዮርዳኖስ በእውነተኛ ሕይወቷም ሊባኖስ ውስጥ ወረቀት ሳይኖራት የምትኖር ነበረች። ፊልሙ እየተቀረጸ ሳለ እሷም እንደ ራሒል ተይዛ ታስራ ነበር። ሰዎች ይሄን ሲሰሙ «አየሽ፣ ራሷን ነው የሆነችው» ይላሉ። እኔ ደግሞ እንዲህ እላቸዋለሁ፦ አንድ ጊዜ የደረሰብሽን ክፉ ነገር ረስተሽው መኖር ነው የምትፈልጊው። መብራት በርቶ፣ ካሜራ ተደግኖ፣ «ከመጀመሪያው እንድገመው» ተብለሽ ያንኑ ፍርሃት ከውስጥሽ ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ለዚያ ፊልም ከ500 ሰዓት በላይ ነው የቀረጹት። ፍርሃትን ያን ያህል ሰዓት ሥራ አድርጎ መያዝ ትወና ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ሁለተኛው «ሮማ» ነው፤ ይሄም እ.ኤ.አ. የ2018 ፊልም ነው፣ የሜክሲኮው አልፎንሶ ኩዋሮን ያሳደገችውን ሞግዚት አስቦ የሠራው። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። አንዳንዶቻችሁ አሥር ደቂቃ አይታችሁ «እንቅልፍ ወሰደኝ» እንዳላችሁኝ አውቃለሁ። እስቲ ከመጀመሪያው እንደገና እዩት። የሚከፈተው ሴራሚክ ወለል ላይ በሚፈስ የሳሙና ውሃ ነው። ውሃው ላይ ሰማይ ይታያል፣ በሰማዩ ላይ አውሮፕላን ያልፋል። ወለሉን የምታጥበው ሴት አንገቷን አላቀናችም። እኛ ስንቱን አውሮፕላን በባልዲ ውሃ ውስጥ አይተናል!

ሠራተኛዋን ክሌኦን የምትጫወተው ያሊትሳ አፓሪሲዮ ከዚያ በፊት ትወና ሞክራ አታውቅም፤ ለመዋዕለ ሕፃናት መምህርነት ተምራ የጨረሰች ልጅ ነበረች። ከእሷ ጋር የምትሠራውን አዴላን የምትጫወተው ናንሲ ጋርሲያ የእውነትም ጓደኛዋ ናት። በፊልሙ ሁለቱ ማድቤት ውስጥ ሲሆኑ ሚሽቴክ የሚባል ቋንቋ ነው የሚያወሩት። ለአሠሪዎቻቸው ሌላ ፊት፣ ለእርስ በርሳቸው ሌላ ፊት አላቸው። ክሌኦ ሳሎን ስትገባ ትከሻዋ እንዴት እንደሚጠብ እዩ። ማንም «ትከሻሽን አጥብቢ» ያላት አይመስልም።

ያሊትሳ በኦስካር ለዋና ተዋናይትነት ስትታጭ በአገሯ ከኪነ ጥበቡ ሰፈር ሳይቀር ያንቋሸሿት ነበሩ፣ በመልኳም ጭምር። ያቺው ዓረፍተ ነገር ነች የተመለሰችው፤ ሠራተኛ ትመስላለች፣ ስለዚህ አልተወነችም። ባለጠጋ ተዋናይ ንጉሥ ሲጫወት ግን «መቼ ነግሦ ያውቃል?» የሚል የለም፤ ይደነቅለታል። እና አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከመካከላችን የእናቷን መርዶ በስልክ ሰምታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ለእንግዳ ገህዋ በፈገግታ ያቀረበች የለችም? ማዳም አልነቃችባትም። ትወና እንዲህ ከሆነ እኛ የት ነው የተማርነው?

ወደ ሪያድ ልምጣ። እዚህ አገር ሲኒማ ቤት ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ተዘግቶ ኖሮ እንደገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 18 ቀን 2018 ነው፤ እዚሁ ሪያድ፣ በንጉሥ አብደላ የፋይናንስ ቀጠና፣ «ብላክ ፓንተር»ን በማሳየት። እኔ ሲኒማ የገባሁት ከልጆቹ ጋር ነው። ትንሹን መጸዳጃ ቤት ስወስድ፣ ስመልስ፣ ፈንዲሻ ሲደፋ ስለቅም፣ የካርቱኑን ግማሽ ከኮሪደር ነው ያየሁት። (ሳቃችሁን ተዉት፣ ሁላችሁም እንደዚያ ናችሁ።)

ሲኒማ ቤቱ ከመከፈቱ በፊት ግን እዚሁ ሪያድ የተቀረጸ ትልቅ ፊልም ነበር፤ የሀይፋ አል መንሱር «ወጅዳ»፣ እ.ኤ.አ. በ2012። ዳይሬክተሯ አደባባይ ላይ ከወንዶች ጋር ቆማ መሥራት ስለማትችል መኪና ውስጥ ተቀምጣ በመገናኛ ሬዲዮ ነው ስታዝዝ የነበረው። ብስክሌት የምትመኘውን ልጅ ሁሉም ይወዳታል። እኔ ልቤ የቀረው ኢቅባል ከሚባለው ሹፌር ጋር ነው። የልጅቷን እናት ሥራ የሚያመላልስ የውጭ አገር ሰው ነው፤ ይነጫነጫል፣ ይቆጣል፣ ይጣላል። በኋላ ልጆቹ እሱ ያለበት ድረስ ሄደው ሲያስፈራሩት፣ ያ ሲቆጣ የነበረ ትልቅ ሰው በልጅ ፊት ያንሳል። ጥቂት ደቂቃ ናት። ተመልካች ይስቃል። እኔ አልሳቅሁም፤ ዳይሬክተሯም እንድንስቅ ብቻ ያስገባችው አይመስለኝም።

«የፍየል ሕይወት» ላይ ጥቂት እቆያለሁ። የሕንዱ ዳይሬክተር ብሌሲ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው፣ ከቤንያሚን ልቦለድ የተሠራ፣ በማላያላም ቋንቋ «አዱጂቪታም» የሚባለው ነው። ናጂብ የሚባል የኬረላ ሰው ሥራ አገኘሁ ብሎ ይመጣና ከፊሉ ያልሆነ ሰው ወስዶ በረሃ ውስጥ ፍየል ጠባቂ ያደርገዋል። በዚህ ፊልም እዚህ አገር ብዙ ተብሏል፣ ብዙዎችም ተቆጥተዋል። ክርክሩን ለባለቤቶቹ እንተወው፣ የኔ ነገር ትወናው ነው።

ናጂብን የሆነው ፕሪትቪራጅ ስንት ኪሎ እንደቀነሰ የሕንድ ጋዜጣ ሁሉ ጽፏል። ሰውነቱን አይታችሁ ትደነግጣላችሁ፣ እኔም ደንግጫለሁ። ግን ትወና በሚዛን መለካት ሲጀመር ደስ አይለኝም። እኔን የያዘኝ ኢብራሂም ነው፤ ናጂብንና ጓደኛውን ሐኪምን መርቶ በረሃውን የሚያሻግራቸው አፍሪካዊ። የሚጫወተው ጂሚ ዣን ሉዊ የሚባል የሃይቲ ሰው ነው። ብዙ አያወራም። አረማመዱን እዩት። ውሃ የሌለበትን መንገድ የሚያውቅ ሰው አይሮጥም፣ ትንፋሹን ይቆጥባል፣ የኋለኛውን ዞር ብሎ ያያል፣ ከዚያ ይቀጥላል። በየመን በኩል በእግር የመጣችሁ ይሄን አረማመድ ታውቁታላችሁ። ልዩነቱ እናንተን የመራው ሰው ገንዘብ ተቀብሎ ነበር። ኢብራሂም ምንም አይቀበልም፤ መንገዱ ሲቃረብ ደግሞ የት እንደገባ ሳይታወቅ ይጠፋል። ጂሚ ይህን ሰው መልአክም ጀግናም ሳያደርግ፣ ደክሞት የሚሄድ ሰው አድርጎ ነው የያዘው። በፊልሙ ከታዩት ሁሉ ለእኔ የበለጠው እሱ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ፊልም። እዚህ ላይ ምሬት አለኝ። በአማርኛ ፊልሞቻችን ሠራተኛ ስትመጣ አብዛኛውን ጊዜ አነጋገሯ እንዲሳቅበት ነው የምትመጣው። ከዓረብ አገር የተመለሰች ሴት ደግሞ ሁለት ዓይነት ብቻ ናት፤ ወይ ወርቅ አንጠልጥላ ሻንጣ የምትጎትት፣ ወይ አእምሮዋን ነክቷት አደባባይ የምትለፈልፍ። መሃል ላይ ያለነውን፣ ሠርተን፣ ተቆጥበን፣ ደክመን፣ አንዳንዴ ስቀን የምንኖረውን ማንም አይጽፈንም። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ቤተሰብ እኛን የሚያየው በዚያ ፊልም በኩል ነው። እኔ ደረጃ እንደማጥብ ብናገር ታናሽ ወንድሜ አያምነኝም፤ ወርቁን ነው የሚጠይቀኝ። ሰው ፊልም አይቶ ነው ለደላላ ገንዘብ የሚከፍለው፣ ፊልም አይቶ ነው የተመለሰችውን የሚሸሻት።

ደግነቱ ሌላም አለ። ሄርሞን ኃይላይ የሠራችው፣ በውጭ አገር «ፕራይስ ኦፍ ላቭ» ተብሎ የታየው ፊልም ነገሩን ከአዲስ አበባው ጫፍ ይዞታል፤ አንዲት ሴት ገና ሳትነሳ በቀድሞ ወዳጇ እንዴት ወደ ዓረብ አገር ልትሸጥ እንደነበር። «ድፍረት»ንም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም ነው። ሁሉም ጠበቃዋን የምትጫወተውን ሜሮን ጌትነትን ያመሰግናል። ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለችውን ልጅ፣ ሂሩትን፣ የተጫወተችው ትዝታ ሀገሬ ግን ፊልሙን በዝምታ ተሸክማዋለች። ሜሮን የሚነገር ቃል ነበራት፣ ትዝታ የነበራት ዓይን ብቻ ነው።

ከሁሉም የማስበልጣት ግን «ጤዛ» ውስጥ ያለችውን እናት ነው። የኃይሌ ገሪማ ፊልም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ ልዩ የዳኞች ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በፌስፓኮ ትልቁን ሽልማት ወስዷል። አንበርብር ጀርመን አገር ተምሮ፣ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ እግሩን አጥቶ፣ መንፈሱ ታውኮ ወደ መንደሩ ይመለሳል። በደርግ የመጨረሻ ጊዜ ነው። ሰው ሁሉ «ምን ይዞ መጣ?» ብሎ ያያል። እናቱን የተጫወተችው ታከለች በየነ ናት።

እሷ ያንን ጥያቄ አትጠይቅም። ሌሊት ሲቃዥ ትሰማዋለች። አታባብለውም፣ ትልቅ ሰው ሆኗል። የጎረቤቱን ወሬ ትሰማለች፣ ትመልሳለችም። ፊቷ ላይ ግን ሁለት ነገር አንድ ላይ አለ፤ ልጇ ስለመጣላት ደስታ፣ የመጣው ደግሞ የላከችው ልጅ ስላልሆነ ሐዘን። አንዱን ሳትደብቅ ሌላውን ታሳያለች። ተዋናይ ይሄን እንዴት እንደሚያደርገው አላውቅም፤ እናቶቻችን ግን በስልክ ያደርጉታል፣ «ደህና ነኝ፣ አንቺ ብቻ ደህና ሁኚ» ሲሉን።

ስለሷም «የባላገር እናት ናት፣ ራሷን ነው የሆነችው» ያለኝ ሰው አለ። መልሱን አሁን እናንተ ታውቁታላችሁ።

በሚመጣው ስብሰባ «ጤዛ»ን አብረን እናያለን። ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፣ ስለዚህ ፈቃዳችሁ አጭር የሆነ ቀደም ብላችሁ ኑ፤ መጀመሪያው እንዳያመልጣችሁ። ሻይ የማፍላት ተራው የማን እንደሆነ አስተባባሪያችን ታስታውሳለች። እኔ አላፈላም፣ በዚያ ቀን ፊልም ነው የማየው፣ ከኮሪደር ሳይሆን ተቀምጬ።