ስለ ፑል ተጫዋቾችና ስለ መርዶ
(በመረዳጃ ማኅበራችን የዓርብ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

እህቶቼ፣ ስለ ፑል ነው የማወራው ስላችሁ ሳቃችሁ። አልፈርድባችሁም። አገራችን ፑል ቤት ሲባል ትዝ የሚለን ሲጋራው፣ ከትምህርት ቤት የፎረፈ ልጅ፣ ተሸናፊ ይክፈል እየተባለ የሚነሳው ጠብ ነው። እናቴ ወንድሜ ሲጠፋባት መጀመሪያ የምትሄደው እዚያ ነበር፣ ያውም ዱላ ይዛ።

ሌላ ሌላውን የነገረችኝ አብራኝ የምትሠራው ፊሊፒናዊት ናት። አቴ ነው የምላት፤ በእነሱ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው። የኛን እቴ አይመስልም? ማታ ልብስ ስንተኩስ በስልኳ ግጥሚያ ታያለች። ለኛ ኃይሌና ቀነኒሳ እንደሆኑት ለእነሱ ኤፍሬን ሬየስና ፍራንሲስኮ ቡስታማንቴ ናቸው።

እኔን የያዘኝ ወንበሩ ነው። አንዱ ሲጫወት ሌላው ወንበሩ ላይ ቁጭ ይላል። አያወራም፣ በሚመታው ሰው ዓይን ፊት አይንቀሳቀስም፤ ነውር ነው። ተጋጣሚው ቆንጆ ምት ሲመታ ደግሞ ስቴካውን መሬት ላይ መታ መታ ያደርጋል፤ እንደ ማጨብጨብ ነው። ሽልማቱን ሊወስድበት ላለ ሰው እኮ ነው! ሬየስና ቡስታማንቴም እርስ በርስ ስንት ጊዜ ተጋጥመዋል። እነዚያው ሁለቱ ግን ጥንድ ሆነው የፑል የዓለም ዋንጫን እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2009 ለአገራቸው ወስደዋል።

አሁን ወደ ልቤ ነገር ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2002 ቡስታማንቴ ለዓለም ሻምፒዮና ዌልስ፣ ካርዲፍ ነበር። ውድድሩ መሃል ሕፃን ልጁ መሞቷን ሰማ። አስቡት፣ ከቤቱ ያን ያህል ርቆ። አቋርጦ ሊወጣ አስቦ ነበር፤ ግን ቀጠለ። ፍጻሜ ደረሰና በአሜሪካዊው ኤርል ስትሪክላንድ 17 ለ 15 ተሸነፈ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የት መሰላችሁ? እዚሁ ዶሃ! አቴ ያኔ እዚህ ነበረች። ፈቃድ ያላቸው ጓደኞቿ ሊያዩ ሄዱ፤ እሷ ፈቃድ ስላልነበራት ከወጥ ቤት ሆና ስንት ለስንት ነው እያለች ስትደውል አመሸች። ስቴካ ነክተው የማያውቁ ሴቶች አለቀሱ አለችኝ። ለዋንጫው ብቻ አይደለም፣ ያቺን ሕፃን አስታውሰው ነው።

ይህን ያነሳሁት ስለኛ መርዶ ብዬ ነው። አገር ቤት መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። በማለዳ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የሚይዝሽ ሰው አጠገብሽ ሆኖ ነው። እዚህ በኢሞ ነው የሚመጣው፣ ሽንኩርት እየከተፍሽ። በቅርቡ ከመካከላችን አንዷ የእናቷን ሞት ሰምታ በዚያው ማታ ለሃያ እንግዳ ምግብ አቅርባለች። ማዳሟ እንባዋን ስታይ የሽንኩርቱ ነው ብላ አለፈች። አሥራ አንድ ቀን ማንም ሳይደርስላት ቆየች። ከሁለት መንገድ ማዶ የምትሠራ የአገሯ ልጅ ነበረች እኮ! ግን በሥራ ተኳርፈዋል፤ አንዷ በዝቅተኛ ደሞዝ ገብታ ቤቴን ወሰደችብኝ ብላ። ፉክክሩ አይቀርም፣ ሁላችንም ለእንጀራ ነው የመጣነው። ግን ለመርዶም?

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ደብተር ይዞራል። እያንዳንዳችሁ የምትሠሩበትን ሰፈር፣ የዕረፍት ቀናችሁንና ማታ ስልክ ማንሳት የምትችሉበትን ሰዓት ጻፉ። ለየቤተሰባችን ደግሞ እንንገር፦ ክፉ ነገር ቢመጣ ለልጅቷ በቀጥታ አይጻፍላት፣ መጀመሪያ ለማኅበሩ ይደወል። ከዚያ ቅርብ ያለችው ትሄዳለች። ግቢ ካላስገቧት በር ላይም ቢሆን ቆማ፣ እጇን ይዛ ትንገራት። መሄድ ጭራሽ ካልተቻለ ሦስት ሆነን በተራ በስልክ አብረናት እናመሻለን። ዓርብ ሲደርስ ንፍሮ ቀቅለን፣ ቡና አፍልተን እንቀመጥላታለን። ተራው የደረሰሽ ለተኳረፍሻት ልጅ ከሆነ ለሌላ አታስተላልፊ።

ደብተሩ ከዚህ ጥግ ይጀምር። እስክሪብቶ ያላችሁ አውጡ፣ የኔ ቀለሙ አልቋል።