ማሽላው ተበላ፤ ካሳ ነው ወይስ ወንጀል?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)




ክረምት ሲገባ የደጋው ከብት በወፈር ዘመቻ ወደ መተማ ቆላ ይወርዳል። ቆላው ሣር አለው፤ የሰሊጥና የማሽላ ማሳም አለው። እረኛውን እንቅልፍ ከጣለው ጎህ ሲቀድ ማሽላው ተበልቶ፣ ሰሊጡ ተረጋግጦ ይገኛል።

ባለማሳው ብዙ ጊዜ የሚሮጠው ወደ ፖሊስ ነው፤ «ይታሰርልኝ» ይላል። «ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ነው» ተብሎ ሲመለስ ፍትሕ የተነፈገ ይመስለዋል። አንዳንዱም ዱላ ያነሣል። ካሳ ሊቀበል የሚገባው ሰው በዚያው ዕለት የወንጀል ተከሳሽ ይሆናል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ጉዳቱን መካስ እንዳለበት በአንቀጽ 2028 ይደነግጋል። በከብት ላይ ደግሞ ሕጉ ይጠብቃል። እንስሳው ያመለጠው በድንገት ቢሆንም ባለቤቱ ኃላፊ ነው (አንቀጽ 2071)። ስለዚህ «እረኛው ተኝቶ ነው» ማለት ከካሳ አያድንም። ባለማሳው በበኩሉ ጉዳት ሲያደርሱ ያገኛቸውን ከብቶች ለካሳው መያዣ አድርጎ መያዝ ይችላል። ነገር ግን ለባለቤቱ ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት። ደብቆ ወደ ጋላባት ቢያሻግራቸው ሌባው እርሱ ነው።

ወንጀል በዋናነት የሚታየው ከአድራጊው አሳብ ነው። ሰውዬው እያወቀ ከብቱን ወደ ሰው ማሳ ቢነዳ፣ ወይም በቂም ተነሣሥቶ በደረሰ የሰሊጥ ሂላ ላይ እሳት ቢለቅ ነገሩ ከካሳ ያልፋል። ቸልተኝነት በወንጀል የሚያስቀጣው ሕጉ ለይቶ ሲናገር ብቻ ነው። የወንጀል ክሱን የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ጥፋቱም በበቂ ማስረጃ እስኪረጋገጥ ድረስ ተከሳሹ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል። በፍትሐ ብሔር ግን ከሳሹ ራሱ ተጎጂው ነው፤ ማስረጃውም የእርሱ ሸክም ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። በወንጀል የሚፈረድ መቀጮ ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል እንጂ ወደ ባለማሳው ጎተራ አይመጣም። ካሳ የሚፈልግ ካሳ መጠየቅ አለበት። አንድ ድርጊት ሁለቱንም ሲሆን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 101 የካሳው ጥያቄ ከወንጀሉ ክስ ጋር ተጣምሮ እንዲታይ ይፈቅዳል። ተከሳሹ በወንጀል ነፃ ቢወጣም የካሳው በር አይዘጋም (የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2149)። የካሳ ክስ ግን በመሠረቱ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

ወደ ማኅበራቱ ቤት ስንገባም ልዩነቱ ያው ነው። ዝናብ አጥሮት ወይም ዋጋ ወድቆበት የግብዓት ብድሩን ያልከፈለ አባል ባለዕዳ ነው እንጂ ሌባ አይደለም። በድሮው ዘመን ባለዕዳና አበዳሪ በቁራኛ ይታሰሩ ነበር፤ ያ ሥርዓት አልፏል። ለማኅበሩ ሊያስረክብ የተዋዋለውን ሰሊጥ ዋጋ ለጨመረለት ነጋዴ የሸጠም በውል ይጠየቃል። የአባላትን ገንዘብ በአደራ ተረክቦ ለራሱ ያዋለ ገንዘብ ያዥ ግን የእምነት ማጉደል ወንጀል ፈጽሟል። እርሱን «ወንድማችን ነው፣ ቀስ ብሎ ይተካል» ብሎ መሸፈን ከአንድ ኩንታል ዕዳ ይልቅ ማኅበሩን ያፈርሳል።

ሽምግልናም ወሰን አለው። ለተበላ ማሽላ ሽማግሌ ከፍርድ ቤት ይቀድማል፤ ይፈጥናል፣ ጉርብትናንም ያድናል። ሰው ተገድሎ ግን ደም ማድረቁ ቂምን ያበርዳል እንጂ የዐቃቤ ሕግን ክስ አያስቀርም። ዕርቁ ቅጣቱን ሊያቀልል ይችላል፤ ከዚያ አይዘልም።

በካሳ ክርክር ባለማሳዎች ብዙ ጊዜ የሚሸነፉት ሕጉ ስላልደገፋቸው ሳይሆን ጉዳቱ ስላልተለካ ነው። ከብቱ በገባበት ዕለት የቀበሌው የግብርና ሠራተኛና ሁለት ሽማግሌዎች ማሳውን ይዩት፤ የተበላው ስፋት በገመድ ይለካ፣ ይጻፍ፣ ይፈረምበት። ሳምንት ቆይቶ የሚመጣ ገማች የሚያየው መልሶ ያቆጠቆጠ አረንጓዴ ማሳ ነው።