ተጠባባቂው ተሰላፊ

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ በፈረስ ኮቴ ድምፅ ትሞላለች። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ በዓድዋ የዘመቱት ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸው በዚህ በዓል ይታሰባሉ። ከየወረዳው ፈረሱን ሸልሞ የሚመጣው ሰው አያሌ ነው፤ ተመልካቹም ግልቢያውንና ጉግሱን እያየ ሲደሰት ይውላል። በዕለቱ ግን ብዙ ሰው የማያስታውሰው አንድ የቆየ ልማድ አለ። ቀድሞ አንድ መኰንን ሲዘምት በመንገድ ላይ የሚቀመጠው በበቅሎ ነበር። የጦር ፈረሱ ባዶውን፣ በአሽከር እየተሳበ፣ አጠገቡ ይጓዛል። ዳገቱን የምትወጣው፣ ቁልቁለቱንም የምትወርደው በቅሎዋ ናት፤ ፈረሱ ሰው የሚሸከመው ጦር በገጠመ ሰዓት ብቻ ነው። ስንት ቀን ተስቦ ለጥቂት ሰዓት ይሠራል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ያ ፈረስ በሰላሙ ጊዜ ገብሱን እየበላ ዝም ብሎ የሚከርም አልነበረም። ጉግስ የሚባለው ጨዋታ የተፈጠረው ለዚሁ ነው። ፈረሱ በሙሉ ግልቢያ ላይ ሳለ መዞርን፣ ዱላ ሲወረወር አለመደንበርን፣ ከሌላ ፈረስ ጋር ጎን ለጎን መጋፋትን የሚማረው በዚያ ሜዳ ነበር። ዛሬ ለበዓል ማድመቂያ የሚታየው ጨዋታ በመነሻው የተጠባባቂ ፈረስ መፈተኛ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ይህን ማንሣት ያስፈለገው በዛሬው ስፖርት ውስጥ የተጠባባቂ ተሰላፊን ጉዳይ ለመመርመር ነው። ተጠባባቂ ምን ያህል ደቂቃ ይጫወታል? ጥቂት የሚጫወተውስ ለምንድር ነው? ደቂቃው ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ፣ ያ ሰው በእርግጥ ተጠባባቂ ነው ወይስ በመዝገብ ላይ የተጻፈ ስም?

ነገሩ በቁጥር ጎልቶ የሚታየው በአሜሪካ እግር ኳስ ነው። (እግር ኳስ ይባል እንጂ አብዛኛው ሥራ የእጅ ነው።) በዚህ ጨዋታ ራኒንግ ባክ የሚባለው ተሰላፊ ኳሱን በብብቱ ሸጉጦ የተጋጣሚውን መሥመር ሰንጥቆ ለማለፍ ይሮጣል። በሮጠም ቁጥር መቶ ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝኑ ሰዎች ይወድቁበታል። በዚህ ቦታ እንደ ልማዱ በአንድ ጊዜ የሚቆመው አንድ ሰው ስለሆነ፣ ሁለተኛው ከሜዳው ዳር ቆሞ ይመለከታል።

ማይክል ተርነር እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ ሳንዲያጎ ቡድን ሲገባ ከፊቱ ያገኘው ላዴይኒያን ቶምሊንሰንን ነው። ቶምሊንሰን በ2006 በአንድ የውድድር ዘመን 31 ተችዳውን አስቆጥሮ ክብረ ወሰን የያዘ ሰው ነው። ተርነር ከ2004 እስከ 2007 ባሉት 4 የውድድር ዘመናት ኳስ ይዞ የሮጠው 228 ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ያገኘው ርቀት 1,257 ያርድ ነው። አንዱ ሩጫ 5 ሴኮንድ ይፈጃል ቢባል፣ የ4 ዓመቱ ሩጫ ተደምሮ 20 ደቂቃ አይሞላም። ከዚህ ሌላ የተጋጣሚን የመክፈቻ ምት ተቀብሎ እንዲመልስ ይሰለፍ ነበር፤ ይህች ትንሽ ሥራ ምን ያህል እንደጠቀመችው መገመት አያዳግትም።

በ2008 ወደ አትላንታ ተዛወረ። በመጀመሪያው ዓመት 376 ጊዜ ሮጦ 1,699 ያርድ አገኘ፤ 17 ጊዜም አስቆጠረ። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የሚያነሣው የሳንዲያጎን አሠልጣኞች ለመውቀስ ነው። ወቀሳው ግን ችኩል ነው። የመሐንዲስ ዓይን ያለው ሰው በመጀመሪያ አካፍሎ ይመለከታል። ተርነር በተጠባባቂነቱ ዘመን በአንድ ሩጫ በአማካይ 5.5 ያርድ ያገኝ ነበር፤ ቋሚ ተሰላፊ ሲሆን አማካዩ ወደ 4.5 ወረደ። በትንሽ ጭነት የተለካ ውጤት በትልቅ ጭነት እንዳለ አይደገምም። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ ከ16ቱ ግጥሚያዎች የተሰለፈው በ11ዱ ብቻ ነበር፤ ያርዱም ወደ 871 ዝቅ አለ። በ4 ዓመት ውስጥ 228 ጊዜ የተጫነ አካል በአንድ ዓመት 376 ጊዜ ሲጫን ጉዳቱ ከዚያ መጣ ብሎ በእርግጠኝነት መናገር ባይቻልም፣ ማንም የማሽን ሰው እንዲህ ያለውን አሠራር አይመክርም።

የተጠባባቂው ደቂቃ የሚያንስበት ምክንያት ሁልጊዜ ችሎታ አይደለም። ራኒንግ ባክ ከመሮጥ ሌላ አንድ የማይጨበጨብለት ሥራ አለበት። ኳስ አከፋፋዩ፣ ኳርተርባክ የሚባለው፣ ኳሱን ለመወርወር ሲዘጋጅ እየሮጠ የሚመጣበትን ተከላካይ ከየት እንደሚነሣ በዓይን ለይቶ በደረቱ ማቆም አለበት። ይህ በልምምድ ሜዳ በሙሉ ኃይል አይሠራም፤ ቢሠራ የገዛ ቡድኑን ሰው ይሰብራልና። ስለዚህ አሠልጣኙ ተጠባባቂውን ስለማያምነው አያሰልፈውም፤ ተጠባባቂውም ስላልተሰለፈ የሚታመንበትን ማስረጃ ማቅረብ አይችልም። ነገሩ ክብ ሆኖ ይዞራል።

ከዚህ ክብ የሚያስወጣው ብዙ ጊዜ ጠባብ በር ነው። ቴሬል ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1995 ለዴንቨር ሲመረጥ ተራው 196ኛ ነበር፤ በቡድኑም ውስጥ ከራኒንግ ባኮቹ መጨረሻ ላይ ተሰልፎ ነበር። ከውድድሩ ዘመን በፊት በቶኪዮ በተደረገ የዝግጅት ግጥሚያ ላይ፣ ኳስ ተመትቶ ሲላክ ሮጦ ኳሱን የተቀበለውን ሰው ጣለ። አሠልጣኞቹም ያን ጊዜ ልብ አሉት። በ1998 ይኸው ሰው 2,008 ያርድ ሮጠ። በሩን የከፈተለት ሩጫው አልነበረም፤ ኮከብ ተጫዋች የማይላክባት፣ ሌላው የሚሸሻት የመክፈቻ ምት ሥራ ነበረች።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በእግር ኳስ የተጠባባቂን ዕጣ የሚወስነው ሕጉ ራሱ ነው። በዓለም ዋንጫ ተጫዋች መለወጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1970 በሜክሲኮው ውድድር ሲሆን፣ ያን ጊዜ የሚለወጡት 2 ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ እስከ 5 የደረሰው ከ2020 ወዲህ ነው። ከሁሉ ይልቅ ደቂቃ የሚነፈገው በረኛው ነው። አጥቂ በመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ይገባል፤ ተጠባባቂ በረኛ ግን አደጋ ካልደረሰ አይገባም። የሚገባበት ሰዓት ምንጊዜም የአደጋ ሰዓት ነው ማለት ነው።

በጥር ወር 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ የሆነው ለዚህ ዋነኛ ምስክር ነው። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ፣ በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው እየተመራች፣ ጥር 13 ቀን በኔልስፕሩት ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ገጠመች። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደተጫወቱ በረኛው ጀማል ጣሰው ከክልሉ ወጥቶ በሠራው ጥፋት በቀይ ካርድ ወጣ። አንድ የሜዳ ተጫዋች ተነሥቶ ዘሪሁን ታደለ ገባ። ቀደም ሲል ሳላዲን ሰይድ የፍጹም ቅጣት ምት ስቶ ነበርና፣ ቡድኑ በ10 ሰው ቀርቶ፣ የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያበቃ ሲል አንድ ጎል ገብቶበት፣ እንደገና ተነሣና በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ወጣ። ተጠባባቂው በረኛ ከአንድ አጋማሽ በላይ በ10 ሰው መካከል ቆሞ የጨመረበት ጎል ያቺው አንዲት ብቻ ናት። ይህ ውጤት ብዙ ተወርቶለታል፤ የዘሪሁን ድርሻ ግን ሲነገር የሚሰማው ጥቂት ነው።

ጥር 17 ቀን ግን ያው ዘሪሁን በቋሚነት ቆሞ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈች። በዚያ ግጥሚያ የቡርኪና ፋሶም በረኛ በቀይ ካርድ ወጥቶ በተጠባባቂ ተተክቶ ነበር፤ እነርሱ ግን በ10 ሰው ሆነው ጎል ጨመሩ። ጥር 21 ቀን፣ የእንጅባራው በዓል 2 ቀን ሲቀረው፣ በሩስተንበርግ ከናይጄሪያ ጋር በተደረገው ግጥሚያ የቆመው ሦስተኛው በረኛ ሲሳይ ባንጫ ነው። ጨዋታው ሊያበቃ 10 ደቂቃ እስኪቀረው ድረስ ጎል አልገባም። ከዚያ በኋላ ቪክቶር ሞሰስ በሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች አስቆጠረ፤ በሁለተኛው ምክንያት ሲሳይም ከሜዳ ተባረረ። የሚለወጡት ተጫዋቾች ቁጥር አልቆ ስለነበር መረቡን ሊጠብቅ የሄደው የመሐል ተጫዋቹ አዲስ ሕንፃ ነበር። በ3 ግጥሚያ 3 በረኞች ቆመው አራተኛው የሜዳ ተጫዋች ሆነ። ለ3 ግጥሚያ ሦስት በረኛ ይዞ መሄድ ለሚበዛበት ሰው ይህ በቂ መልስ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ የሚጠቀስ ታላቅ ምሳሌ ደግሞ አለ። ታምራት ቶላ ለፓሪሱ ኦሊምፒክ ማራቶን የተያዘው በተጠባባቂነት ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ምክንያት ሲቀር፣ ውድድሩ 2 ሳምንት ገደማ ሲቀረው ተተካ። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ሮጦ ወርቁን ወሰደ፤ ሳሙኤል ዋንጂሩ በቤጂንግ ያስመዘገበውንም የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን በ6 ሴኮንድ አሻሻለ። ይህን አይቶ «ተጠባባቂ ሆኖ መቀመጥ ምን ጎዳ?» የሚል ሰው ይኖራል። ታምራት ግን ተቀምጦ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ሻምፒዮን፣ በ2023 የኒው ዮርክ ባለድል ነበር። የሩጫ ሰው ዳገቱን ብቻውን ወጥቶ ልቡንና ሳንባውን በሙሉ ጭነት መፈተን ይችላል፤ ማንም ፈቃድ አይሰጠውም፤ ማንም አይከለክለውም። የበረኛና የራኒንግ ባክ ዕጣ ከዚህ የተለየ ነው። የእነርሱን ጭነት የሚሰጣቸው ጨዋታው ራሱ ነው፤ የጨዋታው በር ደግሞ በሌላ ሰው እጅ ነው።

ይህ ለማኅበሩ አባላት እንግዳ ነገር አይደለም። አንድ የሆስፒታል ዲዝል ጄኔሬተር ተገዝቶ፣ ቀለሙ ሳይነካ፣ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ዓመት ቢቀመጥ፣ መብራት በጠፋ ሌሊት ባትሪው ደክሞ፣ ነዳጁ ዝቃጭ ሆኖ ይገኛል። ያለ ጭነት ብቻ እያስነሡ ማጥፋትም አያድነውም፤ ያልተቃጠለ ነዳጅና ጥላሸት በጭስ ማውጫው ይከማቻል። የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ማኅበር ደረጃ ቁጥር 110 እንዲህ ያለው ሞተር በወር አንድ ጊዜ፣ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ፣ በስም ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው ኃይል ከ30 በመቶ በማያንስ ጭነት እንዲሠራ የሚያዝዘው ስለዚህ ነው። ስኮርታ ጎማም ቢሆን ከመኪናው ሆድ ሥር ተንጠልጥሎ ዓመታት ሲያልፉበት ሳይረግጥ ይሰነጠቃል፤ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ሲወጣ ጎማ ፈንድቶበት ስኮርታውን አውርዶ ነፋስ አልባ ሆኖ ያገኘ ሹፌር ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

በኃይል ማመንጫ ደግሞ ሁለት ዓይነት መጠባበቂያ አለ፤ የቆመና የሚዞር። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስ በ4 ማሽኖች 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። አንዱ ማሽን በድንገት ቢወጣ 115 ሜጋ ዋት ያህል ጎደለ ማለት ነው። ያን ክፍተት ወዲያውኑ የሚሞላው በመረቡ ላይ ከሙሉ ጉልበቱ በታች እየሠራ ያለ ማሽን ነው፤ የቆመው እስኪነሣና እስኪገጥም ድረስ ሰፈሩ ሊጨልም ይችላል። በሰውም ዘንድ እንዲሁ የቆመና የሚዞር ተጠባባቂ አለ።

አሠልጣኞች የሚያቀርቡት ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ግጥሚያ የሚደረገው ለማሸነፍ ነው፤ በነጥብ ማነስ የሚባረረው አሠልጣኙ እንጂ ተጠባባቂው አይደለም። ለሁሉም እኩል ደቂቃ ይሰጥ የሚል ክርክር ስለዚህ የትም አያደርስም፤ ተገቢም አይመስልም። የሚፈለገው 30 በመቶው ነው። ውጤቱ የታወቀ ግጥሚያ የመጨረሻ 15 ደቂቃ፣ የወዳጅነት ጨዋታ አንድ አጋማሽ፣ የመክፈቻ ምት መመለስ፣ እንዲህ ያለው ይበቃል። በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ሜዳ ዳር መለያ ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ፣ ወሩን ሙሉ ሳይጠራ የሚመለስ ወጣት ይታያል። ቤቱ ሲገባ «ስንት አገባህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው ቸግሮት ዝም ይላል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ልምምዱን መቅረት ይጀምራል፤ አሠልጣኙም «ድሮም አልታመንኩትም» ይላል።

በሙያው ዓለምስ? ምክትል ተብሎ ተሹሞ አንድም ሥዕል በራሱ ኃላፊነት ያልፈረመ፣ የቅየሳ መሣሪያ ተሸክሞ ከመውጣት በቀር በራሱ ተክሎ ያላነበበ፣ ለኮንትራክተሩ አንድ ደብዳቤ ያልጻፈ መሐንዲስ ስንት ነው? ዋናው ሲታመም ወይም ሲዛወር ግን ድልድዩ በማግሥቱ በእርሱ እጅ ይወድቃል፤ ያን ቀን እንደ ተርነር 376ቱ በአንድ ጊዜ ይጫንበታል።

ጄኔሬተር የሠራበትን ሰዓት የሚቆጥር ትንሽ ሰዓት በፊቱ ላይ አለው። የቡድን አሠልጣኝም ሆነ የሥራ ክፍል ኃላፊ በደብተሩ ከየተጠባባቂው ስም አጠገብ አንድ ዓምድ አስምሮ ደቂቃውን ቢመዘግብ ወጪው የአንድ እርሳስ ነው። በመጀመሪያው ወር በብዙዎቹ ስም ትይዩ የሚጻፈው ቁጥር ዜሮ ይሆን ይሆናል።