ጳጉሜን የረሳሁ ዕለት
(በምሩቃን መገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ትልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ውስጥ በሶፍትዌር መሐንዲስነት መሥራት ምን ይመስላል?» በሚለው ላይ ተናገር ብለውኛል። ስለ ደመወዙና ስለ ነፃው ምሳ በሻይ ሰዓት ትጠይቁኛላችሁ። አሁን ግን አንድ ጥፋቴን ልንገራችሁ።

ሲያትል በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ የቀን መቁጠሪያ መተግበሪያ የሚሠራ ቡድን ውስጥ ነበርኩ። የኢትዮጵያን አቆጣጠር የሚያሰላውን ክፍል ለእኔ ሰጡኝ። ደስ አለኝ፤ እናቴ ስልኳ ላይ ልታየው ነው! እዚያ አንድም የኮድ መስመር ሌላ ሰው ሳያነበው አያልፍም። የእኔንም ሁለት ባልደረቦቼ አነበቡት፤ አለፈ።

ነሐሴ 30 ቀን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ስልኬ መጮህ ጀመረ። የሳምንቱ ተረኛ እኔው ነበርኩ። አዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ሆኗል፤ ጳጉሜ 1 ገብቷል። ኮዴ ውስጥ ያለው የወራት ሠንጠረዥ ግን 12 መስመር ብቻ ነበረው። የ13 ወር አገር ልጅ 12 ወር ጻፍኩ! መተግበሪያው 13ኛውን ወር ፈልጎ ሲያጣ ይዘጋል።

ምን ልበላችሁ፣ ላብ አጠመቀኝ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ለማንም ሳልናገር አስተካክሎ ማለፍ ነበር። ቪዛዬ በአሠሪዬ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ከሥራ ብወጣ ያለኝ 60 ቀን ነው። ታናናሾቼም የሚማሩት በዚያው ደመወዝ ነው። እንደምንም «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ብዬ ለቡድኑ ጻፍኩ። ያንን ክፍል ለጊዜው ዘጋነው፤ መተግበሪያው ተነሣ። በነጋታው እናቴ ደውላ «ልጄ፣ ያ ቀን መቁጠሪያህ የት ገባ?» አለችኝ።

ስብሰባ ስንቀመጥ «ማን አጠፋ?» ያለ የለም። ጥያቄው «እንዴት ሊያልፍ ቻለ?» ነበር። ኮዱን ያነበበችው ባልደረባዬ «አንተ ኢትዮጵያዊ ስለሆንክ ታውቃለህ ብዬ አልጠየቅኩም» አለች። ሌላው ደግሞ ኮዱን የሞከርንባቸው ቀኖች በሙሉ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ያሉት ብቻ እንደሆኑ አየ። ከዚያ ወዲህ ሙከራው በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣውን ጳጉሜ 6ን ጨምሮ የዓመቱን ቀን ሁሉ ይፈትሻል።

ይህ የአንድ አለቃ ደግነት አይደለም። ከአቪዬሽንና ከሕክምና ሙያ የተወረሰ አሠራር ነው፤ የጉግል መሐንዲሶችም በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣ መጽሐፋቸው ጽፈውበታል። የሚቀጣ ሰው ይደብቃል፤ የተደበቀ ስህተትም ተመልሶ ይመጣል። በሽታውን የሰወረ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?

መምህራኖቻችን፣ አልጎሪዝሙንና ሒሳቡን በደንብ አስተምራችሁናል፤ እዚያ ሄጄ ከማንም አላነስኩም። ግን ክፍል ውስጥ «ተሳስቻለሁ»፣ «አልገባኝም» ማለት ያሳፍረን ነበር። እናም አንድ ልመና አለኝ። በመመረቂያ ፕሮጀክቱ ላይ ተማሪው የት እንደተሳሳተና ስህተቱን እንዴት እንዳገኘው የሚጽፍበት አንድ ገጽ ጨምሩለት፤ ማርክም ይያዝበት። ገጹን ለማንበብና ለመወያየት ምሩቃኑ አለን፤ የመጀመሪያው ተረኛ እኔ ልሁን።