ቋንቋቸውን ይዘው ባሕር የተሻገሩ መምህራን
(በኮላ ድባ ለመምህራን ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር)



መምህር ጡረታ ሲወጣ ጠመኔውን ያስቀምጣል እንጂ መምህርነቱን አያስቀምጥም። ዛሬ ልጁንና የልጅ ልጁን ለመጠየቅ ባሕር የሚሻገር ጡረተኛ መምህር ጥቂት አይደለም። በሚደርስበት ቤት ግን አማርኛ ሰምቶ በሌላ ቋንቋ የሚመልስ ሕፃን ይቀበለዋል። ዕድሜውን በማስተማር የፈጸመ ሰው በዚያን ጊዜ ከባድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ይኸውም ከእናት ጡት ጋር የተገኘውን ቋንቋ ላልጠባው ሰው እንዴት አድርጎ ማስተማር እንደሚቻል ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከሦስት መቶ ሰባ ዓመታት በፊት አባ ጎርጎርዮስ ገጥሟቸው ነበር። የመካነ ሥላሴ ተወላጅ የሆኑት እኒህ ሊቅ ከኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጋር የነበሩ ሰው ናቸው። ሚሲዮናውያኑ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከዚህ ከኮላ ድባ ብዙም በማትርቀው በጎርጎራ ሳይቀር ሰፍረው እንደነበር የታወቀ ነው። ዐፄ ፋሲል ባባረሯቸው ጊዜ አባ ጎርጎርዮስም አገራቸውን ለቀው ኋላ ሮማ ደረሱ። እዚያም እ.ኤ.አ. በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ ወጣት ጀርመናዊ በቅዱስ እስጢፋኖስ ማረፊያ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መካከል አገኛቸው። እርሱ ግእዝን ከመጽሐፍ ተምሯል፤ ሕያው አንደበት ግን አልሰማም። እርሳቸው የአውሮፓን ቋንቋ በሚገባ አያውቁም። ስለዚህ መምህርና ተማሪ የተገናኙበት ድልድይ ግእዝ ሆነ።

በ1652 የጎታ መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ግዛቱ ጋበዛቸው። በዚያ ጥቂት ወራት ተቀምጠው ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖት፣ ሕግና አኗኗር የሚቀርብላቸውን ጥያቄ ሁሉ መለሱ። ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጥሩ ግን በ1658 በሶርያ ባሕር ዳርቻ መርከብ ተሰብሮ ሞቱ። ትምህርታቸው አብሯቸው አልሰጠመም። ሉዶልፍ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። የመምህሩንም ስም አልደበቀም፤ ዕውቀቱን ከማን እንዳገኘ በመጽሐፉ በግልጽ መሰከረ። ተማሪ ለመምህሩ ሊከፍለው ከሚችለው ዕዳ የሚበልጥ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ ከተጋበዙ ሁለት መቶ ኀምሳ ዓመታት አልፈው የበጌምድር ልጅ አለቃ ታየ ገብረ ማርያም በርሊን ገቡ። ይፋግ ተወልደው፣ በልጅነታቸው በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ ከስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ቅኔንም የቀሰሙ፣ የሰዋስው መጽሐፍም የጻፉ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1905 ዐፄ ምኒልክ ልከዋቸው በበርሊን የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም እስከ 1908 ድረስ አማርኛና ግእዝ አስተማሩ።

እንዲህ ያለው ክፍል ውስጥ የሚገጥመውን ችግር ለመገመት አያዳግትም። «ገና» ተብሎ የተጻፈው ቃል ሲላላ «እስካሁን ያልደረሰ»፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ይሆናል። «አለ»ም ሲላላ የተናገረውን፣ ሲጠብቅ ያለውን ያመለክታል። የደምቢያ እረኛ በዚህ አይሳሳትም፤ ለምን እንደማይሳሳት ግን ጠይቆ አያውቅም። የባዕድ አገር ተማሪ ግን ይጠይቃል፤ መምህሩም ዕድሜውን ሙሉ ሲናገረው የኖረውን ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውጭ ሆኖ ይመለከተዋል። በሌላ በኩል «አንተ»ን ከ«አንቱ» መለየት ለጀርመን ተማሪ እንግዳ ነገር አይሆንም፤ በቋንቋው የአክብሮት አነጋገር አለና። ባዕድን ማስተማር ራስን መማር ነው ማለት ይህ ነው።

አለቃ ታየ ሲመለሱ የጠበቃቸው ግን ምስጋና ብቻ አልነበረም። በሃይማኖት ጉዳይ ተከስሰው ለእስራት ተዳረጉ። በርሊን ያከበረችውን መምህር የገዛ አገሩ ልትሰማው አልፈለገችም። እርሳቸው ግን ብዕራቸውን አልጣሉም፤ «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» የተባለው መጽሐፋቸው በ1914 ዓ.ም. ታተመ። ከሁለት ዓመት በኋላም አረፉ።

በዚሁ ዘመን የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በኔፕልስ የምሥራቃውያን ተቋም አማርኛ ያስተምሩ ነበር። ለተማሪዎቻቸው ሰዋስው፣ ለመንገደኛም በንግግር መልክ የተዘጋጀ መምሪያ ጻፉ። በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» የአማርኛ ልብ ወለድ መነሻ ተብሎ ይቆጠራል። በጠላት ወረራ ጊዜ ከፋሺስቶች ጋር በመቆማቸው ግን ከነጻነት በኋላ በግዞት ጅማ ሞቱ። ሥራቸው ይመረመራል፤ መንገዳቸው አይመሰገንም። መምህር በቃሉ ብቻ ሳይሆን በቆመበት ስፍራም እንደሚመዘን የእርሳቸው ታሪክ ያስታውሳል።

እንግዲህ ሦስቱም ቋንቋቸውን ለባዕድ ሲያስተምሩ አንድ የጋራ ነገር አደረጉ፤ በአንደበት የነበረው ወደ ወረቀት እንዲሻገር ምክንያት ሆኑ። አባ ጎርጎርዮስ ራሳቸው መጽሐፍ ሳያሳትሙ ቢሞቱም፣ የሚጽፍ ተማሪ ስላገኙ ቃላቸው ቀረ። የሚጽፍ ተማሪ ያላገኘና ራሱም ያልጻፈ መምህር ግን ዕውቀቱ ከእርሱ ጋር ይቀበራል።

የኮላ ድባ መምህር በደምቢያ ጥቁር አፈር ላይ ገበሬው ከእርሻ እስከ አውድማ የሚናገራቸውን ቃላት፣ የጣና ታንኳ ቀዛፊ የሚጠቀምባቸውን ስሞች፣ የባልቴቶችን ተረትና የአዝመራ ጊዜ ዘፈን ያውቃል። ከዚህ ከደምቢያና ከአካባቢው ተነሥተው በተለይ በ1984 እና በ1991 እ.ኤ.አ. ወደ እስራኤል የተሻገሩት የቤተ እስራኤል ወገኖች ልጆችም ሆኑ በሌላ አህጉር ያደጉ የስደተኞች ልጆች ይህን ከማን ይማሩታል? አያታቸው አንድ ደብተር ይዞ ካልመጣ፣ ከቶ ከማንም።

ስለዚህ ጡረታ የወጣ መምህር ሻንጣውን ሲያዘጋጅ በርበሬና ሽሮ ብቻ አይክተት። በእጅ ጽሑፉ የሞላውን ደብተርም ይጨምርበት። በርበሬው በጥቂት ወራት ያልቃል፤ ደብተሩ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።