አዲስ ገቢና ነባር አባል
(በዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረገው ንግግር)



እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ሥራዬ መዝገብ መያዝና ስም መጥራት ነው። ዛሬ ግን መዝገቡ ላይ ስለሌሉ ሰዎች ልናገር ነው።

ባለፈው ክረምት ከታችኛው መደዳ ተከራይተው የገቡ ቤተሰቦች እናታቸው ዐረፉባቸው። ጡሩንባ አልተነፋም፤ ድንኳን አልተተከለም። እኛ የሰማነው ከተቀበሩ በኋላ ነው። ልጃቸውን «ምነው ሳትነግሩን?» ብንለው፣ «ተከራይ አይገባም ሲባል ሰማን፤ ማንን እንደምንጠይቅም አላወቅንም» አለን። ድንኳናችን ግን ያን ቀን ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር። ነገሩ እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

ነባሮች ሆይ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙውን ዕድር ያቋቋሙት እኮ ዘመዳቸውን አገር ቤት ትተው የመጡ ሰዎች ናቸው። «ብንሞት ማን ይቀብረናል?» ብለው ነው የተሰባሰቡት። እንግዳ ያቆመውን ቤት ለእንግዳ መዝጋት ያሳፍራል። መግቢያ መክፈሉ ልክ ነው፤ ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ድስቱም በነባሩ መዋጮ የተገዛ ነውና። ነገር ግን ምክንያቱን እናስረዳቸው። ባንዴ መክፈል ያልቻለ በየወሩ ከፋፍሎ ቢከፍል ምን እንጎዳለን?

አዲስ ገቢዎች ደግሞ አንድ ነገር ስሙኝ። እኔም እዚህ ሠፈር አዲስ ነበርኩ። ወርኃዊዬን እከፍላለሁ፣ ለቅሶ ግን እቀራለሁ። ቅጣቱን ስከፍል የተገላገልኩ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን አንድ አባት «ልጄ፣ ቅጣትህ እኮ ድንኳን አይተክልም» አሉኝ። አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ካስማ ስመታ፣ አግዳሚ ስሸከም፣ ከለቀስተኛ ጋር ሳመሽ ሰው ስሜን ያውቅ ጀመር። ቆይቶም ደንቡ ላይ ያለኝን ሐሳብ ብናገር የሚሰማኝ አገኘሁ። ከሥራው በፊት ትችት ይዞ የመጣን ሰው ግን ማንም አይሰማውም።

ስለዚህ ለስብሰባው ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ፦

1. በየመደዳው አንድ ሰው ይመረጥ፤ አዲስ ሰው ሲገባ፣ ባለቤትም ሆነ ተከራይ፣ ቤቱ ሄዶ ደንቡን ይንገረው።

2. መግቢያው በ6 ወር ተከፋፍሎ ይከፈል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሎሚው በዛ ብለን ሰው አንቀንስ።